ጉንጯና ግንባሯ

የዓለም መጨረሻ መቼ ነው እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የሚጠይቁኝ ማንበብ ስለምችል ነው። በዚህ በአሶሳ አገር መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ ሐበሻ ከቄሱ፣ ከሹሙ ጸሐፊና ካስተማረኝ ወታደር ሌላ ቢፈለግ እኔው ነኝ። መልሴ አጭር ነው፤ «እኔ አይቼዋለሁ፤ መለከት ግን አልተነፋም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ለነፍሴ ብዬም አይደለም። ስለ ልጄ ጉንጭ ከአንድ ቄስ ጋር ተጣልቼ፣ እሱ የሚያየውን መጽሐፍ በገዛ ዓይኔ ልየው ብዬ ነው። አሁን የምጽፈው ያንን ነው። መጽናናት የሚፈልግ ሰው ሌላ ዘንድ ይሂድ፤ እኔ ጋ የለም።

ትውልዴ ጎጃም ነው። ጭነኛ ነበርኩ፤ የሰው ጨው በበቅሎ እያመላለስኩ የማድር። ከብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠራርጎ ያለቀ ጊዜ፣ ክፉ ቀን በምንለው ዘመን፣ በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን በእጁ ሲቧጥጥ አየሁ። ኋላማ ሰው ሰውን መቅበር ተወ። የደብራችን ቄሶች «ስምንተኛው ሺህ ገባ፤ ሚዛን የያዘው ባለ ጥቁር ፈረስ ወጣ» ይሉ ነበር። ሚዛን የያዘውንስ እኔም አይቼዋለሁ። የሰፈራችን ባለጸጋ ነበር፤ ጥቂት እህል እየሰፈረ የሰው ማሳ የሚወስድ። ፈረስ ግን አልነበረውም፤ በእግሩ ነበር የሚዞረው።

የከብቱ በሽታ በቅሎ አይነካም ነበርና አንዲት በቅሎ ተረፈችኝ። ነፍሰ ጡር ሚስቴን በእሷ ላይ አስቀምጬ ዓባይን ተሻገርኩና ወደ ቆላ ወረድኩ። ደገኛ ቆላ ይገድላል ይላል። ደጋውስ ምን አደረገን?

እዚህ የደረስነው ከበርታ ሰዎች መንደር ነው። እስላሞች ናቸው። ከቀርከሃ ጎጆ ሠርተው ሰጡን፤ የማሽላ ገንፎ አበሉን። ማን ናችሁ፣ በማን ታምናላችሁ ያለን አልነበረም። ሚስቴ በክረምቱ ወለደችና በአራስነቷ ሞተች። የተወለደችው ሴት ናት። ጎረቤቴ የሆነች ሴት ያን ሰሞን የገዛ ሕፃኗን ቀብራ ጡቷ ወተት እንደሞላ ነበር። ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ልጄን ከሬሳው አጠገብ አነሣቻት፤ እዚያው ቁጭ ብላ አጠባቻት። ይችን ሴት ከእንግዲህ «እናቷ» ነው የምላት፤ ሌላ የምጠራበት ቃል የለኝም።

ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ በአካባቢው አልነበረም። ልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ማን ያጥምቃት? ይዣት ልውጣ ብል ደጋው ገና በረሃብ ያልቅ ነበር። ነገ ዛሬ ሲባል ቀረ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ወደ ወለጋ እወጣለሁ፣ ጨው ጭኜ እወርዳለሁ።

አንድ ጊዜ ከመንገድ ስገባ ልጄ እንደ ወትሮዋ ወደ እኔ አልሮጠችም። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ አብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ሦስት ሦስት ቁም መስመር ተበጥቶ ዐመድ ተነስንሶበታል። የበርታ ሰው ሁሉ ያለው ምልክት ነው።

«ምን አደረግሻት?» ብዬ ጮኽኩ።

እናቷ ማሽላ ትወቅጥ ነበር። ዘነዘናውን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አንተ ሄደ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ሄደ። ባሪያ ፈንጋይ መጣ። እዚያ መንደር ልጆች ወሰደ። ምልክት የለው ልጅ የማን ነው? የማንም። ይወስዳል። ምልክት አለው ልጅ፣ ወገን አለው። ይፈራል።»

«ወገኗ እኔ ነኝ! አባቷ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንተ የት ነበር? በቅሎ ጋ ነበር። ሐበሻ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ዝም በል። ገንፎ ብላ።»

ገንፎውን በላሁ። ፈንጋዩ ከሱዳን በኩል ይመጣል፣ ከደጋ ይወርዳል፣ ከዚያው ከአገሩም ይነሣል። እኔ ቤት የምውለው ከዓመት ጥቂቱን ነው። የምትጠብቃት እሷ ናት፤ እንደምታውቀው ጠበቀቻት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የንጉሡ ጦር ወረደ። ስለ ጦርነቱ የምናገረው የለኝም፤ እኔ በቅሎዬን ይዤ ጫካ ነበርኩ። አገሩ ሲረጋ ወታደሮቹ ታቦት አስመጡ፤ የቀርከሃና የሣር ጎጆ ቀልሰው አስገቡት። ቄስም አብሮ መጣ። ቀጭን፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ድምፁ ግን የሚያምር ሰው። ክፉ ነበር ብል እዋሻለሁ። ሚስትና ልጆቹን ክፉ ቀን ጨርሶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከቅዱስ መጽሐፍ ሁሉ የሚታየው ራእዩ ብቻ ሆነ። በዓቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከባሕር የሚወጣውን አውሬ ሲተርክ ሴቶቹ እንባቸውን ያፈሳሉ፤ ወታደሮቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከብቱ ማለቁ ይኸውና፣ አንበጣው ይኸውና፣ የወንድማማች ጦርነቱ ይኸውና እያለ በጣቱ ያሳያቸዋል። የቀረን ምልክቱ ብቻ ነው ይላል፤ አውሬው ሰዎቹን የሚያትምበት።

እኔ ደስ ብሎኝ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዘግይቶም ቢሆን ትጠመቅልኝ ብዬ።

«አባ፣ ልጄን ያጥምቁልኝ» አልኩት።

አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረው።

«ማነው ያተማት?»

«ያጠባቻት ሴት ናት። የአገሩ ልማድ ነው፣ አባ። ከባሪያ ፈንጋይ እንድትድን ብላ ነው።»

«አየህ ልጄ፣ አውሬውም እንዲሁ ነው የሚያታልል። ምልክቴን የያዘ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ማንም አይነካውም ብሎ ነው የሚያትመው። ላድንህ ብሎ ነው።»

«ሕፃን ነበረች እኮ!»

«አውቃለሁ። አንጀቴን በልታዋለች። ግን በዚያ ላይ ውኃ ማፍሰስ አልችልም። ስንዴና እንክርዳዱ በሚለይበት ዘመን በእኔ እጅ እንክርዳድ አይገባም።»

ልጄ አገጯን ከእጁ መነጨቀችና «እጅህ ይሸታል» አለችው። እውነቷን ነው፤ ጾመኛ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርት ይበላል። እኔ ግን አፈርኩ፤ ይዣት ወጣሁ።

ወሬው በሠፈሩ ተዳረሰ። በጳጉሜን፣ በሩፋኤል ቀን ዝናብ ሲጥል የወታደር ልጆች እንደ አገራቸው ደንብ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ዝናቡ ውስጥ ይራወጣሉ። ልጄም ሮጣ ገባች። እኔ ከጎጆው ሥር ሆኜ አያለሁ።

«አንቺ ውጪ!» አላት አንዱ። «አንቺን ሩፋኤል አያሳድግሽም! አንቺን አውሬው ያሳድግሽ!»

ሌሎቹም ተቀበሉት። «ሦስት ጭረት! ሦስት ጭረት! ጅብ ቧጨራት፣ ዘንዶ ላሳት!»

ልጄ ማልቀስ አታውቅም። ጭቃ ዘግና የመጀመሪያውን አፉ ላይ ለጠፈችለትና «በል አሁን አንተንም አተምኩህ!» አለችው። ሁሉም ሸሹ። ዝናቡ ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ «አሳድገኝ» ስትል ግን አልሰማኋትም። እየተንጠባጠበች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ መጽሐፉ እውነት ጉንጭ ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አታየውም?»

«ማንበብ አልችልማ።»

«ታዲያ ተማራ! በቅሎ እንኳ መንገድ ትማራለች።»

ከወታደሮቹ መሐል እግሩ የተሰበረ አንድ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ኖሮ ኋላ ጠብመንጃ ያማረው። ሥራ ፈትቶ ጥላ ሥር ይውላል። አስተምረኝ አልኩት። በአሸዋ ላይ በእንጨት ይጽፍልኛል፣ እኔ እከተላለሁ። ያላፊ አግዳሚው መሳለቂያ ሆንን።

«አባት፣ ሲያድጉ ምን ሊሆኑ ነው? ጳጳስ?» ይሉኛል ወታደሮቹ።

«ተዉት» ይላቸዋል መምህሬ፤ «ሙግት አለበት፤ ባለጋራው አውሬው ነው።»

ከክረምት እስከ ክረምት ፈጀብኝ። ግዕዙን አንብቤ ምን እንደሚል ስለማላውቅ፣ ከወለጋ የሚወርድ ነጋዴ ከፈረንጅ ሚሲዮን ያገኘውን በአማርኛ የታተመ ሐዲስ ኪዳን ሰጠኝ። የጀመርኩት ከኋላው ነው። ማቴዎስን ሳያውቅ ራእዩን ያነበበ ክርስቲያን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ቃሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየገፋሁ፣ እንደ ሰነፍ በቅሎ እየጎተትኩ አነባለሁ፤ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗታል።

ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ቄሱ የሚያወራው አውሬ አለ፤ ምልክቱም አለ። ግን ግንባርና ቀኝ እጅ ነው የሚል። ጉንጭ የሚባል ነገር የለበትም። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። ሌላም አገኘሁ፤ የእግዚአብሔር ሰዎችም ይታተማሉ። እነሱም በግንባራቸው። መልአኩ እነሱ ታትመው እስኪያልቁ ነፋሱን ያስይዛል፤ ከጉድጓድ የሚወጣው አንበጣም ሣር እንዳይነካ፣ ያ ማኅተም ግንባሩ ላይ የሌለውን ሰው ብቻ እንዲያሠቃይ ይታዘዛል።

«ውሸት ነው» አለች ልጄ። «አንበጣ ሣር ነው የሚበላ። ሰው የሚበላው ሌላ ነው።»

ወረድ ብሎ ባቢሎን የምትባለው ከተማ ስትቃጠል ነጋዴዎቹ ዕቃችንን ማን ይገዛልናል ብለው ያለቅሳሉ። ዕቃው ይዘረዘራል። ወርቅ አለ፣ ሐር አለ፣ ቅመም፣ ዱቄት፣ በግ፣ ፈረስ እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ የሰው ነፍስ ይላል። ከፈረሱ ወዲያ። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። ይህን ንግድ አውቀዋለሁ፤ በምጭንበት መንገድ ላይ አብሮኝ ይወጣ ነበር፣ በገመድ። ቄሱ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ሰብኮ አያውቅም።

መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ጎጆው ደጃፍ ላይ ጫማውን ይጠግን ነበር።

«አባ፣ ጉንጭ አይልም። ግንባርና ቀኝ እጅ ነው የሚል። ይኸው።»

ሽፋኑን አየና አልነካውም። «ይህ የጸረ ማርያሞች መጽሐፍ ነው።»

«እንግዲያው የእርስዎን ይመልከቱ።»

ገባና ብራናውን አወጣ። በግዕዝ አነበበ። አልዋሸኝም። «ግንባር ይላል» አለኝ። «ልክ ነህ። ግን ልጄ፣ ጉንጭ ከግንባር ምን ያህል ይርቃል? አውሬው በስንዝር እየለካ የሚሠራ ይመስልሃል?»

«የሰው ነፍስ ስለሚሸጡትስ ለምን አይሰብኩም?»

«እሱ የባቢሎን ነው። የእኛ አይደለም።»

ቄሱ መልስ አያጣም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አሸዋ ስጭር የከረምኩት ለዚህ ነበር? ልሄድ ስነሣ ግን ራሱ ጠራኝ። ፊቱ አዝኗል።

«ስማኝ። የሚያስፈራኝ ጉንጯ ብቻ አይደለም። ግንባሯ ባዶ ነው። ባዶ ግንባር ያየ ሁሉ ይጽፍበታል።»

ይህን ለልጄ ሳወራላት ብድግ አለች። «እኛስ አነበብነው አይደል? የእግዚአብሔር ሰዎችም ማኅተማቸው ግንባራቸው ላይ ነው። መስቀል አስነቅሰኝ።»

«ያማል።»

«ጉንጬም አሞኝ ነበር።»

የአንድ ወታደር ሚስት ንቅሳት ታውቅ ነበር። በመርፌና በጥላሸት፣ ከሁለቱ ቅንድቦቿ በላይ፣ ደገኛ ሴቶች የሚነቀሱትን ዓይነት መስቀል ነቀሰቻት። ሲሽር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እናቷ ብዙ አየችው። በጣቷ ዳበሰችው።

«አመመው?»

«አላመመኝም፣ እማ።»

«አሁን የኔ አይደለም?»

«ያንቺ ነኝ እንጂ! ጉንጬ የት ሄደ?»

እናቷ ሳቀች። ሣቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ቄሱ አጠመቃት። ውኃውን ሲያፈስባት እውነት ደስ ብሎት ነበር። ልጆቹም ወዲያው ተዋት፤ የጭቃዋም ነገር ሳይረዳ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ጥሩ ጊዜ ሲጻፍ አጭር ነው።

በዓመቱ ከደጋ አንድ ሹም ወረደ። ከጌቶቻቸው ቤት ጠፍተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ባሮችን ሊሰበስብ ነው የመጣ። እኔ ሠፈር ውስጥ ኮርቻ እሰፋ ነበር። እናቷና ልጄ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ወንዝ ወርደው በገበቴ ወርቅ ያጥባሉ። የሆነውን እናቷ እንደ ነገረችኝ እነግራችኋለሁ።

የሹሙ ሰዎች መጡና የእያንዳንዷን ሴት ፊት እያዩ አለፉ። ጉንጫቸው ላይ መስመር፣ ግንባራቸው ላይ ምንም የለም። ልጄ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺ፣ ከማን ቤት ነው የጠፋሽ?»

«ከማንም አልጠፋሁም። እዚሁ ነው የተወለድኩ።»

ይህን ያለችው በጥሩ የጎጃም አማርኛ ነው፤ እኔ ባስተማርኳት። የጨረሳትም እሱ ነው። ጉንጯ የቆላ ልጅ መሆኗን ነገራቸው፤ መስቀሉ በክርስቲያን ቤት መኖሯን ነገራቸው፤ አንደበቷ ምን ያህል ዘመን እንደ ኖረች ነገራቸው። ደጋ የተወሰደ ባሪያ ክርስትና ይነሣል፣ ሴቷም መስቀል ትነቀሳለች፤ ማን የማያውቅ አለ? ፊት የሚያነቡ ሰዎች ናቸው፤ አጣርተው አነበቡ። እናቷ «ልጅ የኔ ነው!» ብላ ተንጠለጠለችባቸው። «አዎን፣ ወዳንቺማ ነው የጠፋች» አሏትና በሰደፍ መቷት።

ሮጬ ስደርስ ሹሙ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ልጄ ከሌሎቹ ጋር ታስራ ቆማለች። ምስክር እንዲሆኑኝ ቄሱንና መምህሬን አስጠርቼ ነበር።

«ልጄ ናት፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ሁሉም እንዲያ ይላል። ወልደሃት ነው ገዝተሃት?»

«ወልጃት ነው! ንጉሥ ይሙት፣ ወልጃት ነው!»

«እናቷስ?»

«ሞታለች።»

«ይህች የምትጮኸውስ ማናት?»

«ያጠባቻት ናት።»

ወታደሮቹ ሳቁ። «ጎጃሜው ልጁን ለሻንቅላ አስጠብቶ፣ ጉንጯንም አስበጥቶ! ሰማችሁ?»

«ምስክር ቁጠር» አለኝ ሹሙ።

ከጦሩ በፊት በዚህ አገር የነበርኩ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ስትወለድ ያየ የበርታ ሰው ሞልቷል፤ የእነሱን ቃል የሚሰማ ግን የለም። መምህሬ «ስንመጣ እቤቱ አገኘናት፤ አባዬ ነው የምትለው» አለ። «ሁሉም ጌታውን አባዬ ይላል» አለው ሹሙ። ቄሱ ቀረበ፤ መስቀሉን ይዟል።

«ቄስ፣ ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ። እኔ ነኝ ያጠመቅኋት።»

«መቼ?»

«አምና።»

«አምና! በስንት ዓመቷ?»

«ዐሥራ ሁለት ቢሆናት ነው።»

ሹሙ እጁን ዘረጋ፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ እንደ ማለት። «ክርስቲያን ሴት ልጁን በሰማንያ ቀኗ ያስጠምቃል። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ የሚጠመቅ ማነው? እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።» ከዚያ ጠየቀው፤ «ከዚህ ሰው አብራክ መውጣቷን ይመሰክራሉ?»

ቄሱ እኔን አየኝ። ልጄንም አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይባላል» አለ። «እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ሰባት ራስ ያለውን አውሬ አላየም። ባሕሩ ደም ሲሆን አላየም። ከዋክብት እንደ በለስ ሲረግፉ አላየም። ለእነዚህ ሁሉ በየእሑዱ አልቅሶ ይመሰክራል። ልጄ ከእኔ መወለዷን ግን አላየም።

መምህሬ እያነከሰ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ባሪያዬ ናት በል። ገዝቻታለሁ በል። ያኔ ላንተ ይሰጥሃል።»

አልኩት። ፊት ለፊቷ ቆሜ አልኩት፤ «ባሪያዬ ናት፣ ጌታዬ፤ አልጠፋችም፣ የእኔው ናት» አልኩ። ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ፤ ከዚያ የሚያወጣት መስሎኝ የማልለው ነገር የለም። ልጄ ሰማች። እናቷም ሰማች።

ሹሙ ግን በዚያን ጊዜ ነው በእውነት የተቆጣ። «አሁን ልጄ ናት ብለህ በንጉሥ ማልክ፤ አሁን ደግሞ ባሪያዬ አልክ። ባሪያ መሸጥ መግዛት በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን አልሰማህም? ሁለት ምላስ ያለው ሌባ ነህ። አንሡልኝ!»

አነሡኝ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

በማግስቱ ሰልፉ ሲነሣ ተከተልኩ። የዳቡስ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተሯሯጥኩና እጎኗ ደረስኩ። ጠባቂው ጅራፉን አሳየኝ፤ ግን ወዲያው አልመታኝም፤ ሽማግሌ አይቶ ነው።

«አባዬ፣ እማን በጣም መቷት?»

«ትከሻዋን ነው። ደኅና ናት።»

«ቅቤ አሹላት።»

«እሺ።»

«ስትጠብቀኝ እንዳትሰነብት በላት።»

ትናንት ስላልኩት ነገር አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። ውኃው እስከ ጉልበቷ ሲደርስ ጠባቂው መታኝ። ተቀመጥኩ። ሰልፉ ተሻግሮ በማዶ ያለው ቀርከሃ ውስጥ ገባ።

ቄሱ ኋላ ቤቴ መጣ። አለቀሰ። ሁሉም ነገር የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው፣ ታገሥ፣ ሞትም ልቅሶም የሌለባት የወርቅ ከተማ ትወርዳለች አለኝ። ደጃፍዋ ቀንም ሆነ ሌት አይዘጋም አለኝ። አንብቤዋለሁ አልኩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስለ ወርቅም እሱ እኔን አያስተምረኝም፤ ወርቅ እንዴት ከጭቃ እንደሚወጣና ስለ እሱ ምን እንደሚደረግ በዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ውጣልኝ አልኩት፤ ወጣ።

እናቷ እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ናት። ገንፎ ስትሠራ ታመጣልኛለች፤ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንነጋገርም። ከእናንተ ማኅተም የእኔ ይሻል ነበር አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ከተወሰደች ወዲህ ያደረግሁት ሌላ የለም፤ ከደጋ የሚወርድ ጭነኛ ሁሉ እያስቆምኩ መጠየቅ ነው። ወለጋን ጠየቅሁ፣ ሸዋን ጠየቅሁ። አንድ ጊዜ ደግ የሚመስል ሰው ጭነቱን እያራገፍኩለት እንዲህ አልኩት፦

«ጉንጯ ላይ ሦስት ሦስት ጭረት፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት ልጅ አላየህም?»

«ኧረ አባት፣ እንዲህ ያለችውማ በየጌታው ወፍጮ ላይ ናት። የትኛዋን ልበልዎ?»

አሰብኩ። ሌላ ምልክቷን ፈለግሁ።

«መልስ አታጣም» አልኩት። «ምንም ብትላት መልስ አታጣም።»

ገመዱን ጠቀለለ።

«አሁንስ ታጣለች» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።